ከፍሪጁ የተረፈ ዋት

ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ሁሉ ከግራፊክስ ካርድ ይጀምራል። ከገንዘቡ ግማሹን እዚያ ላይ ያፈስና ለካርዱ የሚመጥን ፕሮሰሰር፣ ለፕሮሰሰሩ የሚሆን ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ እያለ ይወርዳል። ፓወር ሰፕላይ ጋ ሲደርስ ኪሱ ስለሚሳሳ «እሱ ችግር የለውም፣ የተገኘው ይሁን» ይላል። ኩሌ ላይ ይህ ዝርዝር የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። «ምን ካርድ ይኑረው?» ከማለትህ በፊት «የት ይሰካል?» ትባላለህ።

ኩሌ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ጁባ ላይ የተነሳውን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ደቡብ ሱዳናውያን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተከፈተ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል። እኔ አስተማሪ ነኝ። የምናድርበት የሠራተኞች ግቢ መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነው፤ አመሻሽ ላይ ይነሳል፣ ሰው ሊተኛ ሲል ጸጥ ይላል። ጄኔሬተሩ በወረቀት የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በተግባር ግን የፍሪጁ ነው። ፍሪጁ ደግሞ የእትዬ ነው።

እትዬ ወጥ ቤታችንን ያስተዳድራሉ። የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ማሰቤን ሲሰሙ ጭልፋቸውን እንደያዙ መጡ።

«ስንት ይበላል?»

«ሲጫወቱበት ሦስት መቶ ዋት ቢሆን ነው።»

«ፍሪጁስ?»

«መቶ፣ ቢበዛ መቶ ሃምሳ።»

«የፍሪጁን እጥፍ በልቶ ምን ያቀዘቅዛል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ኮምፒውተር አያቀዘቅዝም። ያሞቃል። የበላውን 300 ዋት እንዳለ መልሶ በሙቀት መልክ ክፍሉ ውስጥ ያፈሰዋል። በየካቲትና በመጋቢት ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት አገር በገዛ ገንዘቤ ተጨማሪ ሙቀት ላስመጣ መሆኑን ለእትዬ ማስረዳት ከበደኝ። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ እኔ የምለምነው ከዚያ ላይ ከ17 ሚሊዮን አንዱን እጅ ነው ብዬም ተከራከርኩ። «ከግድቡ ለምን አትለምንም ታዲያ፣ ከኔ ፍሪጅ ምን አለህ?» አሉኝ።

የሙቀቱን ነገር ትንሽ ላፍታታው፤ የውጭዎቹ ካርድ መዛኞች የማይነግሩን እሱን ነው። እነሱ የሚፈትኑት 20 ዲግሪ በሚጠጋ ክፍል ውስጥ ነው። «ይህ ካርድ 70 ዲግሪ ላይ ይሠራል» ሲሉ «ከክፍሉ አየር በ50 ይበልጣል» ማለታቸው ነው። ክፍሉን 40 አድርገው፤ ካርዱ 90 ይገባል። 90 ማለት ደግሞ የአርቲኤክስ 4060 ካርድም፣ የራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርም የመጨረሻ ጣሪያ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ፋን ጨምር ትላለህ። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየር አያቀዘቅዝም። በውሃ የሚሠራውንም ማቀዝቀዣ ብትገጥም፣ ውሃው የመጨረሻ መሸሻው ያው የክፍሉ አየር ነው።

በዚህ ላይ የመስታወት ኬዝ የሚባል ነገር አለ፤ ውስጡ ባለቀለም መብራት የሚዞርበት። ቪዲዮ ላይ ሳየው ልቤ ይሸፍት ነበር። ኩሌ ግን በክረምት ማታ አንዲት አምፖል ስትበራ የአካባቢው ነፍሳት በሙሉ ስብሰባ የሚጠሩባት አገር ናት። በበጋው ደግሞ አቧራው በመስኮት ሳይሆን በግድግዳ የሚገባ ይመስላል። ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ፣ መብራት የሌለው ጥቁር ኬዝ። የፎቶ ወግ ቀረብኝ።

የዋት ሊቅ ያገኘሁት መጠለያው ውስጥ ነው። በሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረገ የሚተዳደር ወጣት አለ፤ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ስልኮች የማን እንደሆኑ ሳይጽፍ ያውቃቸዋል። በኑዌርኛ ሰላምታ «ማሌ» ተባብለን ዝርዝሬን ሰጠሁት። ካርዱን ዘለለው፣ ፕሮሰሰሩን ዘለለው።

«ቲቸር፣ በቀን ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?»

«ሦስት።»

ጣቱን መሬት ላይ አድርጎ አሰላ። 300 በሦስት ሰዓት 900 ዋት ሰዓት። የእሱ ባለ12 ቮልት 100 አምፒር ባትሪ ሙሉ ሲሆን 1,200 ይይዛል፤ ከግማሽ በታች አዘውትረህ ካወረድከው ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ የሚነካው 600 ብቻ ነው። አንገቱን ወዘወዘ። ቀጥሎ ባለ5,000 ሚሊ አምፒር ስልክ አነሳ። ይህ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

«ያንተ ጨዋታ ከ40 ስልክ በላይ ነው።»

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ስልኮች ደቡብ ሱዳን ውስጥ ናስርና ማላካል ካለ ዘመድ ጋር የሚያገናኙ ናቸው። ዝርዝሩን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያኔ ነው ገንዘብ በብር ብቻ እንደማይቆጠር የገባኝ። አርቲኤክስ 4060 እ.ኤ.አ. በ2023 በ299 ዶላር ሲወጣ የውጭ አገር ተጫዋቾች «ከቀድሞው በምን ተሻለ?» ብለው ተሳለቁበት። ኩሌ ሆኖ ላየው ግን የሚበላው 115 ዋት ብቻ ነው፤ ታላቁ 3060 ቲአይ በጥቂት እየበለጠው 200 ይጠይቃል። ያ የተናቀ ካርድ ለኔ ጻድቅ ነው። ዓለም የሚያመልከው 5090 ግን 575 ዋት ነው፤ እትዬ ይህን ቁጥር አልሰሙም፣ እንዲሰሙም አልፈልግም።

ብሩም ቢሆን ዝም አላለም። 299 ዶላር ያን ጊዜ በባንክ ምንዛሪ 17 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። እኔ ሳጠራቅም ሐምሌ 2016 መጣ፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ሄደ። አጠራቀምኩ የምለው ሁሉ በተቀመጠበት ግማሽ ሆነ። ወደ ያገለገለ ዕቃ ዞርኩ። የቴሌግራም ሻጮች ዋጋ አይጽፉም፤ «በኢንቦክስ» ይላሉ። ኢንቦክስ ስትገባ «ለአንተ ብዬ ነው» ይመጣል። ኢትሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲያበቃ፣ ቀንና ሌሊት ሲነዱ የከረሙ ካርዶች ዓለምን አጥለቀለቁ። አንዱ ሻጭ እ.ኤ.አ. የ2017ቱን አርኤክስ 580 «ምንም ያልተሠራበት» አለኝ፤ ፋኑ ላይ ያለው ጥቀርሻ ግን የረጅም ዘመን አገልግሎቱን ይመሰክር ነበር። ትንሽ ብጫነው እንደ ቪትዝ መኪና «በሴት እጅ የተያዘ» ሳይለኝ አይቀርም። 185 ዋትም ይበላል። ተሰናበትን።

አስተዋይ ሰዎች «ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ በዋትም በብርም ያሸንፉኛል። እንዲያውም ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ጌም ሲጫወቱ ከጥቂት ዋት በላይ አያባክኑም፤ ዶሮዋ ከገበሬው የምትሸሽበት የአገራችን «ኩኩሉ» የሚፈልገው አንድ ስልክና አንድ አውራ ጣት ነው። ግን ሰው ካቻቪቴ ይዞ የራሱን ነገር መግጠም ካማረው አማረው ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አልቆጠብኩም፤ ሌላው ዓለም የሚቆጥብበት ቦታ ስለሆነ ሳይሆን ጄኔሬተራችን ስለሚያቃስት ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ 550 ዋት፣ ጎልድ የሚባል የብቃት ደረጃ ያለው። ወጣቱ ኢንቨርተሩን ሲያሳየኝ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ማዕዘን ያለው ሞገድ ስለሆነ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዴ ተቀይሞ ይጠፋል። ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣው ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ በሹፌር እጅ እስኪወርድ፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ለብቻው መታሸግ አለበት፤ ያንን መንገድ የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

መፍትሔውን ያመጣው ያው ወጣት ነው። እኩለ ቀን ላይ ባትሪዎቹም ስልኮቹም ሞልተው የፀሐዩ ኃይል በከንቱ የሚያልፍበት ሰዓት አለ። «እሑድ ሰባት ሰዓት ና» አለኝ። የኩሌ ሕግ እንዲህ ነው፦ ትርፍ መብራት ያለው ሙቀቱ በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ አየሩ የሚቀዘቅዘው ትርፍ በሌለበት ሰዓት። ካርዱን ከሙሉ ጉልበቱ ትንሽ ቀንሼ፣ ጨዋታውንም በሴኮንድ 60 ምስል ላይ ገድቤ ልሠራ ተስማማን። ኪራይ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ምን ጌም እንደምጭን ነው።

ታሪክ ያለው፣ ጫካ ያለው፣ ጥላው እንኳ በብርሃን ሕግ የሚሰላ ጌም እንደሆነ በዝርዝር ገለጽኩለት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ፊፋ የለውም?»

«ይኖረዋል።»

«ጆይስቲክ ስንት ነው?»

በጀቱን እንደገና ከፈትኩት። 32 ጊጋ ራም ወደ 16 ወረደ፣ ሁለተኛ ጆይስቲክ ገባ። ወሬው ወጥ ቤት ደርሶ እትዬ ትናንት «ያ ኳሱ ነገር ለስንት ሰው ነው የሚሆነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሦስተኛውን ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው።