የሊማሊሞ ዕቃ ዝርዝር

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን በእግር ወርዶ ድብ ባሕር ለመግባት የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ ነው፤ ቢያንስ እንደ ሻጮቹ አባባል። ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ከካርቦን የተሠራ ተጣጣፊ ዱላ፣ ከፍታ የሚለካ ሰዓት፣ መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ። ይህን ሁሉ አሟልቶ ተራራ የገባ ጎብኚ ታዲያ የሚከተለው፣ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ ስካውት ነው።

ሰዓቱ አይዋሽም፤ ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ከ4,400 ሜትር በላይ እንደቆማችሁ ይነግራችኋል። ስካውቱ ቁጥሩን ላያውቀው ይችላል። እሱ የሚያውቀው ጉሙ በየት በኩል እንደሚነሣ፣ የትኛው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ ብቻ ነው። ይኸም በሱቅ ስለማይሸጥ ዋጋ የለውም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን መሐንዲሱን ይዞ መጥቶ የሊማሊሞን ገደል በመኪና መንገድ ጠመዘዘው። የአገሬው እግረኛ ግን አቋራጩን አልተወም፤ ለመንገዱ አክብሮት ስላለው አልፎ አልፎ ያቋርጠዋል። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበበት ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህም ስንት ዓይነት ጫማ መጥቶ ሄደ፤ ኮንጎው እዚያው አለ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አበው። ቢሆንም ዕቃችሁን ግዙ፣ ጨምራችሁም ግዙ፤ በቅሎ አከራዩ የሚያድረው እናንተ ብዙ ስታስጭኑ ነው።