ቀባሪ አያሳጣን

በአገራችን ትንሽ ደግ ነገር ያደረገ ሰው በዕድሜ ይመረቃል። ውሃ ያቀበለ ልጅ «እደግ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ይባላል። የታመመ የጠየቀ «ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ» ተብሎ ይሸኛል። ለነገሥታቱም «ሺህ ዓመት ያንግሥዎ» ይባል ነበር። ከሁሉም የገዘፈው ምርቃት ግን የማቱሳላ ዕድሜ ነው። ስመረቅበት አድጌ፣ በተራዬ ልጆቼን መርቄበታለሁ። ሳይሞቱ መኖር በረከት ይሁን ሸክም አጥብቄ ያሰብኩት ግን ወደ ዝቋላ አቦ ስንሄድ ዋልካ ጭቃ ይዞን ባደረበት ሌሊት ነው።

በሰፈራችን ሁሉም «እማማ» የሚላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ሰው «ጣልያን ሲወጣ ሊጥ አቦካ ነበር» የሚል መልስ ያገኛል። ባላቸውን፣ የወለዷቸውን ልጆች በሙሉ፣ እህት ወንድሞቻቸውን፣ አብረዋቸው የሴቶች እድር ያቋቋሙትን ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ቀብረዋል። ለቅሶ ሲሰማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀድመው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። ድንኳን ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከሐዘንተኛዋ ጎን። ሲጽናኑ ኖረው ማጽናናት ያውቁበታል።

የመጋቢት አቦ ሊደርስ ሲል «ዝቋላ ውሰዱኝ፤ ስለት አለብኝ» አሉ። ይዘውት የሚሄዱት በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩት አንድ ሉክ ወረቀት ነበር። የሞቱባቸው ሰዎች የክርስትና ስም ተጽፎበታል፤ ገዳሙ ላይ በጸሎት እንዲነሣላቸው። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ስሞቹን በሰማያዊ ቀለም ያሰፈረችው የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት፤ ተማሪ ሳለች፣ ክብ ክብ በሚል የእጅ ጽሑፍ። ከታች፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በጥቁር እስክሪብቶ አንድ ስም ተጨምሯል። የራሷ የልጂቱ ስም ነው።

የሰፈራችን ማኅበር ሚኒባስ ተከራይቶ መጋቢት 4 ቀን ተነሣን። ቢሾፍቱ ላይ አስፋልቱን ስንለቅ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የበልግ ዝናብ ግን አይታመንም። ዝቋላ ከሜዳው መሀል ብቻውን ብድግ ብሎ፣ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግቶ ከፊታችን እየታየን ሳለ ዶፉ ወረደ። የዚያ አካባቢ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲርስ የያዘውን አይለቅም። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየዞሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ወርደን ገፋን፤ ድንጋይ ደለደልን፤ ጭራሮ ጎዘጎዝን። ሾፌሩ ማርሽ እየቀያየረ ወደፊትና ወደኋላ ቢያወዛውዛት ጭራሽ እስከ ፓራፋንጎዋ ሰመጠች። «ትራክተር ካልመጣ አትወጣም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ወደ መኪናው ተመልሰን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ተቀመጥን።

እዚያ ነው ወሬው የተጀመረው። አብሮን የነበረ ዲያቆን «አቦ» የሚባሉትን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገድል ይተርክልን ነበር። ጻድቁ 300 ዓመት በግብፅ፣ 262 ዓመት በኢትዮጵያ፣ በድምሩ 562 ዓመት ኖሩ፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው ነበር ይላል ገድሉ። ይህን የሰማው የሚኒባሱ ረዳት ልጅ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ «ምን አለ ለእኛም እንዲህ ቢሰጠን? ጭራሽ ባንሞትስ?» አለ። ከልቡ ነበር። አባቱን ከቀበረ ገና ዓመት እንዳልሞላው ኋላ ነገረኝ።

ዲያቆኑ በእርጋታ መለሰለት። ጻድቁም ቢሆኑ አርፈዋል፤ ሕዝቡ መጋቢት 5 ቀን ተራራ የሚወጣው ያረፉበትን ቀን ሊያከብር ነው። ሄኖክና ኤልያስ ሞትን ሳያዩ ተወሰዱ፤ በብሔረ ሕያዋን አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን እነሱም በመጨረሻው ዘመን መጥተው፣ ሐሳዊ መሲሕን ተቃውመው ይሞታሉ። «ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል ይባል የለ» አለ። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሰማሁትን፣ ሒሳቡን ግን ሠርቼው የማላውቀውን ነገር አነሣ። ማቱሳላ ላሜሕን የወለደው በ187 ዓመቱ ነው። ላሜሕ 777 ዓመት ኖረ። ሁለቱ ሲደመሩ 964 ይሆናሉ። ማቱሳላ የሞተው በ969 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ልጁ ከሞተ በኋላ 5 ዓመት ኖሯል።

መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ልጆቼን የመረቅሁበት ዕድሜ ልጅ ቀድሞ የሞተበት የአባት ዕድሜ ነው። ወደ እማማ አላየሁም፤ ማየት አልቻልኩም።

ሲጨልም በአቅራቢያው የሚኖሩ ገበሬ ባትሪ እያበሩ መጡና «ትልቅ ሰው ይዛችሁ እዚህ አታድሩም» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። በመሀል አንዲት ቦይ አለች፤ በበጋ ደረቅ የምትሆን። ያን ቀን ሞልታለች። እማማን በሁለት ሰው ደግፈን ስናሻግር ውሃው እስከ ወገባቸው ደረሰ። ከዚያ ቤት ገብተን፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው መቀነታቸውን ሲፈቱ ወረቀቱ ርሶ ተጣብቋል። በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ገለጡት። ሰማያዊው ቀለም ፈሷል፤ ስሞቹ ሁሉ አንድ ላይ ቀልጠው የቀረው የደበዘዘ ሰማያዊ ውሃ ነው። የተረፈው ከታች በእስክሪብቶ የተጻፈው የልጂቱ ስም ብቻ ነበር።

እማማ አላለቀሱም። እሳቱን ትንሽ አዩና «ደብተር ያለው ሰው አለ? ልጄ፣ አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

ያን ሌሊት እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስጽፍ አመሸሁ። ወለተ ማርያም አሉ፤ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወለተ ማርያም አሉ። ተደገመ ብዬ ቀና ስል «ይቺኛዋ እህቴ ናት። የፊተኛዋ እድሩን ስናቋቁም የመጀመሪያውን ድስት ከቤቷ ያመጣችው ናት» አሉ። ሌላ ወለተ ማርያምም መጣች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ስትጠበቅ፣ ገና አርባ ቀን ሳይሞላት ቄስ ተጠርቶ ክርስትና ተነሥታ በማግስቱ ያረፈች ሕፃን። በወረቀቱ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም እፊቴ ተቀምጦ እጁን እያሞቀ ነው።

የቤቱ እመቤት ንፍሮ አቀረቡልን፣ ቡና አፈሉልን። አብሮን የተጓዘ አንድ ላቦራቶሪ የሚሠራ ወጣት የረዳቱ ጥያቄ ከልቡ አልወጣ ብሎት ኖሮ ከሙያው አንጻር አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የሰው ሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መከፋፈሉን እንደሚያቆም አሳየ። ገደቡን የሚጥስ ሕዋስ ግን አለ፤ የካንሰር ሕዋስ። ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር በማሕፀን በር ካንሰር ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰደው የዕጢዋ ሕዋስ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች እየተባዛ ይኖራል። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር አገልግሏል፤ ብዙ ሰው አትርፏል። «እሷን የገደላት ያ አልሞትም ያለው ሕዋስ ነው» አለ ወጣቱ።

ባለቤቱ ገበሬ ይህን ሲሰሙ ቆይተው ከራሳቸው ማሳ ተነሡ። አያታቸው ሰፊ መሬት ያርሱ ነበር። አባታቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ተካፈሉት፤ እሳቸው ደግሞ ከወንድሞቻቸው ጋር። ዛሬ የቀረችው ቁራሽ ለወንዶች ልጆቻቸው አትበቃም። «አያቴ ዛሬም በሕይወት ቢኖሩ ደስ ባለኝ። ግን ሞፈሩን ሳይለቁልኝ እኔ በምን እኖር ነበር? እኔስ ካልለቀቅሁ ይህ ልጅ መቼ ሰው ይሆናል?» አሉ፤ እጃቸውን ምድጃው አጠገብ የተኛ ልጃቸው ራስ ላይ አድርገው። ማንም ባይሞት ለቅሶ አይኖርም የሚለውን ክርክር እኔም ለራሴ አንሥቼው አውቃለሁ። መልሱን ከእኚህ ሰው አገኘሁት። ማንም የማይለቅበት ዓለም ውስጥ የሚወለድ ልጅ ቦታ የለውም፤ ቦታ የሌለው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ አይወለድም። ለቅሶ የማይሰማበት አገር እልልታም የማይሰማበት አገር ይሆናል።

ረዳቱ ግን አልተወም። «እርስዎስ እማማ? ይህን ሁሉ ዕድሜ ጠገቡት?» ብሎ በአክብሮት ጠየቃቸው።

«ልጄ፣ ሞትን ለምኜ አላውቅም» አሉ። «ጠዋት ጀንበር ስትወጣ ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል። የከበደኝ በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ ሰው ማጣቴ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ የቁልምጫ ስም አለ። እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው አልቀረም። እኔ እናንተን ሁላችሁን ከልጅነታችሁ አውቃለሁ፤ እኔን በልጅነቴ የሚያውቀኝ ግን የለም።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ሁልጊዜ የምለምነው ቀባሪ አያሳጣኝ እያልኩ ነው። ዕድሜ ሲረዝም የሚያስፈራው እሱ ነው።»

ከተመለስን በኋላ ስለ ረጅም ዕድሜ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የእማማ ቃል በሌላ አገር ተከተለኝ። በይፋ ከተመዘገቡት ሰዎች ሁሉ ረጅሙን ዕድሜ የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ናቸው። አርል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1875 ተወልደው በ1997 አረፉ፤ 122 ዓመት ከ164 ቀን። ዓለም ቁጥሩን አደነቀ። እኔ የቆምኩት ሌላ ቦታ ነው። አንድያ ልጃቸው ኢቮን በ1934 ሞተች። ብቸኛ የልጅ ልጃቸው ፍሬደሪክ በ1963 በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ኖሩ። 90 ዓመት ሲሞላቸው ቤታቸውን፣ እስኪሞቱ ድረስ ወር በወር እንዲከፍላቸው ተዋውለው ለአንድ የሕግ ባለሙያ ሸጡ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሲከፍል ኖሮ ቀድሟቸው ሞተ። ዣን ካልማን ብርቱና ተጫዋች ሴት እንደነበሩ ይነገራል፤ ዕድሜያቸውን አላማረሩም። ሆኖም የልጅም የልጅ ልጅም ቀባሪ ሳይኖራቸው ሄዱ።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ከዚያ ሌሊት በማግስቱ ተራራውን በእግር ወጣን፤ ለእማማ ገበሬው በቅሏቸውን ሰጡን። ከላይ ሰው መውረድ ጀምሯል፤ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ዘገያችሁ» እያሉ ያልፉናል። አናቱ ላይ ሐይቁ አጠገብ ስንደርስ በዓሉ አልፏል፤ ሕዝቡ ጓዙን እየሸከፈ ነው። እማማ ቅር አላላቸውም። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ፈልገው አዲሱን ዝርዝር ሰጡ፤ መነኩሴውም እያንዳንዱን ስም ጮክ ብለው አነበቡት። ሦስቱ ወለተ ማርያሞች ላይ ሲደርሱ እማማ በየተራ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እማማ ካረፉ ቆይቷል። እድሩ በሙሉ ወጥቶ፣ ሰፈሩ ነቅሎ ቀብሯቸዋል፤ የፈሩት አልደረሰባቸውም። ያን ሌሊት የጻፍኩበት ደብተር እኔ ዘንድ ነው። የእሳቸውን ስም ጨምሬበታለሁ፤ በቁልምጫ ስማቸው ጭምር፤ ቁልቁል ስንወርድ በበቅሎ ላይ ሆነው ነግረውኝ ነበርና።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። መኖር ይጣፍጣል፤ ረጅም ዕድሜ መመኘትም ነውር የለበትም። ሕፃናት ሳያድጉ፣ እናቶች በወሊድ፣ ጎልማሶች ሊድን በሚችል በሽታ በሚሞቱበት አገር ተጨማሪ ዓመት መለመንም፣ ለዚያ መሥራትም ግዴታ ነው። ማብቂያ የሌለው ዕድሜ ግን ሸክም ነው፤ የሚከብደውም ሰው መኖር ስለሚሰለቸው አይመስለኝም። ዕድሜ አደራ ስለሆነ ነው። ከቀደሙን የተቀበልነውን ስም፣ መሬት፣ ሙያ፣ ፍቅር ለሚከተሉን እስክናስረክብ የምንይዘው አደራ። ማስረከቢያ የሌለው አደራ ተሸካሚውን ያደቅቃል፤ ተቀባዩንም ባዶ እጁን ያስቀራል። ማቱሳላን የማዝንለት 969 ዓመት ስለኖረ ሳይሆን፣ የሚረከበው ልጅ ቀድሞት ስለሄደ ነው።

በቤታችሁ አንድ ትልቅ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ቡና አፍሉና አጠገባቸው ተቀመጡ። የእናታቸውን እናት ስም ጠይቁ። በሕፃንነት የሞቱባቸውን፣ አብረዋቸው ያደጉትን፣ በቁልምጫ የሚጠሯቸው የነበሩትን ጠይቁ። በማይፈስ ቀለም ጻፉት። ስማቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን እነማን እንደነበሩ ለዩ። ከዚያም ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ነገ የሚረከቡት እነሱ ናቸውና።