የስብ አቀማመጥ በነገሌ ቦረና፦ የመነሻ ጥናት

በቆላ ከተሞቻችን ስብን የማያውቅ ባይኖርም፣ በማን ላይ የት እንደሚቀመጥ በወጉ ያጠና አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። ቦታው ነገሌ ቦረና፣ ዘዴው ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ናሙናው ተበልቷል።

ግመል ስቡን ጀርባው ላይ ያኖራል። ብዙ ሰው ሻኛው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስለዋል፤ ያለው ግን ስብ ነው፣ በደህና ዘመን ሠላሳ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ራሰ ጥቁሩ የሶማሌ በግ ከኋላው ያከማቻል። የከተማው ሰው፣ በተለይ ደመወዝተኛውና ነጋዴው፣ ከፊት ለፊቱ ያስቀምጣል። ከኋላ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ሁሉ «ተመችቶሃል፣ ወፈርክ!» ብሎ እንዴት ይመርቀው ነበር?

ዋናው ልዩነት ግን አወጣጡ ላይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የግመሉ ሻኛ ዘመመ፣ የበጉ ላት ሟሸሸ። በቦረናና በአጎራባች ቆላዎች በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። በእነዚያው ዓመታት ከከተማው ቦርጭ ወጪ ሲደረግ አልታየም። (እዚህ ላይ አጥኚው ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።)

ስለ ገቢው በቂ ማስረጃ አለ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ከቀዩ ነው ከጮማው?»

«ከቀዩ፣ ልጄ። ጮማ ሐኪም ከልክሎኛል። ብቻ እንዳይደርቅ ትንሽ ጣል አድርግበት።»

ልጁ ጣል አደረገ። ሚጥሚጣው ሳያልቅ «እስኪ ድገመኝ» ተባለ። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የተረፈው ቀዩ ነበር።

የሐኪሙ ምክር በሙሉ ልብ የሚከበረው ረቡዕና ዓርብ ነው። ያኔም ሽሮው በዘይት ይዋኛል። ዘይቱ ፓልም ከሆነ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው። ይኸው ዘይት አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ብርድ ረግቶ ስለሚታይ ይታማል፤ በቆላ ሙቀት ቀልጦ ስለሚውል ስሙ ጥሩ ነው።

ስብ የበላ ሁሉ ቦርጭ ያወጣል የሚለውን ንድፈ ሐሳብ የሚያፈርስ አንድ ወገን ግን አለ፤ የቦረና እረኛ። እሱ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ፣ ቡና ቀላ ብሎ ይበላል፣ ወተት ይጠጣል፣ ቦርጭም የለውም። አጥኚው ይህን በዘር ሊያሳብብ ሲዘጋጅ ቱላ ስለሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ሰማ። በድርቅ ጊዜ ጎረምሶች ጥልቁ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ለባልዲ እየተቀባበሉ ለከብቱ ውሃ ያወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ለቦርጭ የሚተርፍ ቅቤ የለም። የከተማው ናሙና ግን ከሥጋ ቤት እስከ ቢሮ በባጃጅ ነው የሚሄደው።

የዓለም ጤና ድርጅት የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የበሽታ ስጋት ይጨምራል ይላል። ጥናቱን ለማስፋት አንባቢ ወገቡን ለክቶ ይያዝ፤ ውጤቱ እንዳይዛባ ግን ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ እንዳይስብ አደራ።