አዛኝ ቅቤ አንጓች ለኮምፒውተር

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን በአዲስ አበባ ብዙ ቢሮዎች አንድ የደግነት ሥርዓት ይፈጸማል። ሠራተኛው መስኮቱን ይዘጋል፤ አምፖሉን ያጠፋል፤ በሩን ይቆልፋል። ኮምፒውተሩን ግን አይነካም። ስክሪኑን ብቻ ያጨልምና «ማጥፋት ማብራቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል» ብሎ ይሄዳል። ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እስኪመለስ ማሽኑ 63 ሰዓት ሙሉ ለማንም ሳይሠራ የክፍሉን አየር ሲያሞቅ ይከርማል። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ የት ይገኛል?

ርኅራኄው የዘር ሐረግ አለው። በ1946 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ፣ እንደ አምፖል የሚግሉ ቫኪዩም ቲዩቦች ነበሩት። ቲዩቦቹ በብዛት የሚበላሹት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለነበር መሐንዲሶቹ ማሽኑን ባያጠፉት ይመርጡ ነበር። እነሱስ ምክንያት ነበራቸው። የዛሬው አዛኝ ቲዩቦቹን ባይወርስም ጭንቀታቸውን ሳይሸራርፍ ወርሷል።

እርግጥ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ብረት ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ብየዳውም በዓመታት ይደክማል። ማብሪያው ሲጫን ፓወር ሳፕላዩ ለቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። አምራቾቹ ይህን አልሰሙ ይሆን? ሰምተዋል። ያን ድንገተኛ ፍሰት የሚገታ ክፍል አስገብተውበታል። 50,000 ጊዜ ተነሥቶ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክም አለ። በቀን ሁለት ጊዜ ቢጠፋ ሒሳቡን ለመጨረስ ከ68 ዓመት በላይ ይፈጃል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ስለዚህ ዲስኩን በማጥፋት ሊገድል የቆረጠ ሰው ተልእኮውን ለልጁ ማውረስ ይኖርበታል። ኤስኤስዲ ከሆነማ ጭራሽ የሚሽከረከር ነገር የለውም።

ሌሊቱን ሙሉ እያለቀ ላለው ግን የሚያዝን የለም። ቬንቲሌተር የሚያረጀው ሲሽከረከር ነው፤ አቧራውንም ወደ ውስጥ የሚያግዘው ያኔ ነው። በብዙ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት በግማሽ ያጥራል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እኒህ አዛኞች በመብራት ላይ ያላቸው እምነት ነው። በወጉ ማጥፋት ግፍ የሆነበት ኮምፒውተር፣ እኩለ ሌሊት መብራት ሲሄድ ሳይሰናበት ድርግም ይላል፤ እየተጻፈ የነበረ ፋይልም መሐል ላይ ይቀራል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ጉልበት ይዞ ይመጣል፤ ፓወር ሳፕላይ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ጠፍቶ ሶኬቱ የተነቀለ ኮምፒውተር ከዚህ ሁሉ ያመልጣል። ግን ማን ያን ያህል ይጨክናል?

ሳይጠፉ መክረምን እንደ ጤና ለሚቆጥሩም ታሪክ መልስ አለው። ዊንዶውስ 95 ያለ ዕረፍት 49.7 ቀን ከሠራ ጊዜ ቆጣሪው ሞልቶ ደርቆ ሊቀር ይችል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበርረው ቦይንግ 787 በየጊዜው ኤሌክትሪኩ እንዲጠፋ አዘዘ። ለ248 ቀን በተከታታይ ከበራ የጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያዎች ባንድ ጊዜ ሊዘጉ ይችሉ ነበር። አውሮፕላን የማይጎዳው ማጥፋት የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ይጎዳል መባሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሐቀኛ ምክንያት ይቀራል፦ ጠዋት ማሽኑ እስኪነሣ መጠበቅ ይሰለቻል። ይህን መናገር ነውር የለውም፤ መላም አለው። ሃይበርኔት የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፤ ሲበራም ካቆመበት ይቀጥላል። አዛኞቹ ግን ይህን ለመሞከር ገና እያሰቡበት ነው። እስከዚያው ዊንዶውስ ራሱ በውድቅት ሌሊት ማሻሻያ ይጭንና ሳያስፈቅድ አጥፍቶ ያበራዋል፤ ባለቤቱም በማግስቱ ስክሪኑን ከፍቶ «ተመስገን፣ ሳይጠፋ አደረ» ይላል።