ድሮ ክረምት ክረምት ነበር

እናንተ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ጉልበታችሁ የሚነግራችሁ፣ እንዴት ናችሁ? እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች እንዳለን አለን። ክረምት ገብቷል ይሉናል። እኔ ግን እስካሁን ያየሁት ዝናብ ነው፤ ክረምት አላየሁም። ድሮ ክረምት ቀጠሮ አክባሪ ነበር። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጠብ ሳይል ከዋለ አባቴ ደጅ ወጥተው ወደ ሰማይ ያጉረመርማሉ፤ ሰማዩም ያፍርና በማግስቱ ይለቀዋል። አሁን ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ የለም። የልጅ ልጄ ስልኳን ታይና «አባባ፣ ዛሬ ስልሳ በመቶ ይዘንባል» ትለኛለች። ስልሳ በመቶ ዝናብ ምን ማለት ነው? እስከ ደረቴ ነው የምረጥበው? በእኛ ጊዜ ከዘነበ መቶ በመቶ ዘነበ፣ ካልዘነበም መቶ በመቶ አልዘነበም፤ አለቀ። ይሄ ስልክ የሚሉት ነገር ቀጣፊ ነው። ቅጥፈቱን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ስል ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ስንት በመቶ አለ?» ሳልላት ከቤት አልወጣም።

ጃንጥላውም አለላችሁ። ከደሴ ተገዝቶ መጣልኝ፤ ከሐይቁ በኩል የመጣ አንድ ነፋስ ገለበጠውና ሽቦውን ለእኔ፣ ጨርቁን ለጎረቤት አደረሰው። የእኛ ጃንጥላ ገሳ ነበር። ገሳን ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ከሳር ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ እረኛ ከአናቱ ደፍቶ የሚከለልበት ነው። ጠብታ አያስገባም። ቢያስገባም ትንሽ ነው፤ ረፋድ ላይ ጀርባችንን፣ ከሰዓት በኋላ ወገባችንን፣ ማታ ሁለመናችንን ያርሰዋል እንጂ አንድ ጊዜ ድንገት አያበሰብስም ነበር። እግራችን ባዶ ነው። ጭቃው ራሱ ንጹሕ ስለነበር ጫማ ማን ይፈልጋል? በጣት መሃል ሾልኮ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ለጤናም ፍቱን ነው። ይህንኑ ላሳያቸው ብዬ ባለፈው ቦት ጫማዬን አጥልቄ ማጡ መሃል ቆሜ የልጅ ልጆቼን ብጠራ፣ ጫማውን አውልቆ የሚወርድ አንድ ወኔ ያለው ልጅ ጠፋ።

ቤታችን ሳር ክዳን ነበር። ዝናቡ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው፤ እንደዛሬው ቆርቆሮ እየደበደበ ሰው አያደነቁርም። እዚህም እዚያም ያፈስ ስለነበር እናቴ በየጥጉ ገበቴውንም ድስቱንም ትደቅናለች፤ ጠብ ጠብ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ጨዋታ ነው። መሃል ላይ ምድጃው አለ። «ጭስ ዓይን ያጠራል» ይሉን ነበር አያቴ። እርግጥ ኋላ ኋላ ማየት ተስኗቸው ነበር፤ ያ ግን እርጅና ነው። ልጆቹ ሁላችን የምንሸፈነው በአንዲት ባና ነበር። ባና ስል ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነውን፣ ገላን የሚቆረቁረውን፣ አንዴ ከረጠበ እስከ መስከረም የማይደርቀውን ማለቴ ነው። ዳርና ዳር የተኙት ሌሊቱን ሲጓተቱ ያድራሉ። እኔ መሃል ነበርኩ፤ በጣም የሞቀ ፍቅር ነበረን።

ነሐሴ ሲገባደድ የበቆሎ እሸት ይደርሳል። ፍሙ ላይ ተጥሎ ሲንጣጣ፣ ጫፉ ጠቆር ሲል፣ እያፈራረቁ ከእጅ ወደ እጅ… ተውኝ እባካችሁ። ሽንብራና ገብስ ተቀላቅሎ ይቆላል። ቡናው ሲወቀጥ ሰምተው ጎረቤታችን ሸኹ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፤ አቦሉ ሲቀዳ ዱአ ያደርጋሉ፣ እናቴ «አሜን» ትላለች፣ አባቴም ይመርቃሉ፣ ሸኹ «አሚን» ይላሉ። በፍልሰታ እኛ ስንጾም እሳቸው እኛ ፊት ወተት አይቀምሱም ነበር። ቶናው፣ በረካው ሳይወርድ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ያኔ ማን ይቸኩላል? አሁን ቡና ከማሽን እየተፈናጠረ በቁም የሚጠጣ ነገር ሆነ። ማኪያቶ የሚሉትን ነገር ጭራሽ አልወደውም፤ ደሴ በሄድኩ ቁጥር የማዘው ሌላው ሁሉ ከዚያ ይብሳል ብዬ ነው፤ አረፋው በዛ ያለ እንዲሆንልኝም እናገራለሁ። ጎተራችንም ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ 1966ን ካልቆጠራችሁ። 1977ንም አትቁጠሩ። እነሱ ዓመት አይባሉም።

ከቡናው በኋላ ተረት ነው። የሐይቁ ነገር በየክረምቱ ይነገረን ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ ታለቅሳለች፤ እንባዋም ከላይ ይታይና ዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ እሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ትቀራለች። አያቴ ይህን ሲነግሩን ውጪ ዝናቡ ያጓራል፣ እኛም ውሃው ዛሬ ሌሊት ምድጃችን ድረስ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆነን እንተኛለን። የልጅ ማሳደጊያ ማለት ይሄ ነው! እኔ እስከዛሬ ድረስ ዶፍ ሲወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን አራት ሰው ከተቀመጠ አራት ስልክ ይበራል፣ ተረቱ ተረሳ። መብራት ሰውን ለያየው እላለሁ። ባለፈው ማታ ደግነቱ መብራት ጠፋ፤ ስልካቸውም ሁሉ አለቀ፤ ቤተሰቡ እሳቱ ዙሪያ ተሰበሰበ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ከለታት አንድ ቀን» ከማለቴ መብራቱ መጣ። ቀድሞ እልል ያለው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ እኔ ነኝ፤ የዜና ሰዓት ደርሶ ነበር።

ሐይቁም ቢሆን ያው አይደለም። መንገደኛው ሁሉ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፍ ወረድ ይልና «አሳ አለ?» ይላል። እኛ ሐይቁን የምናውቀው በገዳሙና በታንኳው ነው። ቆሮሶ የሚሉት ይሄ አሳ በ1970 ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ መጤ ነው። እኔ አሁንም በእንግድነቱ ነው የማውቀው። ብቻ ከጠበሱት አይቀር ጥርት አድርገው ቢጠብሱት ምን አለ? ትናንት ከቀረበልኝ ሁለተኛው መሃሉ ጥሬ ነበር። ሦስተኛው ደህና ነው።

የባሰው መጣላችሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የምትመጣ ሌላ የልጅ ልጅ አለችኝ። እኛ ታላቅ ሰውን አንቱ ብለን ነው ያደግነው፤ እሷ ግን ገና ሳትቀመጥ «አባባ፣ አንተ ጋ አንቲክ አለ?» አለችኝ። አንቲክ ያለችው ቆጡ ላይ የተጣለውን ውራጅ ነው። የወጣችበትን አቧራ ብታዩ! ከጣሳ የተሠራውን ኩራዝ አግኝታ ጮኸች። ክዳኑ ላይ ዶሮ ያለበትን የከሰል ካውያ አቀፈችው። ጆሮው የተሰበረ ሙቀጫ፣ ቆዳው የተላጠ አገልግል፣ አንገቱ የተሸረፈ ብርሌ፣ አንድም የቀራት የለም። የማሪቱ ለገሠን ካሴት ስታይማ እንዴት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ። አምባሰል ቅኝት ስሙን ከወሰደበት አገር ጥግ ተቀምጣ! ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ እንደሚጠመጠም አሳየኋት፤ በቪዲዮ ቀረጸችኝ። ብዙ ሰው አየህ አለችኝ። ስንት ሰው? ብዬ ያን ዕለት ማታ ደጋግሜ የጠየቅኋት ለደኅንነቴ ሰግቼ ነው።

እና ይህ ሁሉ ምን ይሆናል ብትሉ፣ አዲስ አበባ ካፌ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንቅቡ ግድግዳ ላይ! ወንፊቱን አምፖል አልብሰው ከጣሪያ ያንጠለጥሉታል፤ ታዲያ ዱቄቱን በምን ነፉት? ኩራዙ ያለ ጋዝ፣ ጀበናው ያለ ቡና፣ ሁሉም ተቀምጦ ይታያል። እኛ ከዚህ ሁሉ ጭስ ለመውጣት ስንት ለፋን፤ እነሱ ከፍለው ሊያዩት ይሄዳሉ።

ካልወሰድከኝ አለችና ደሴ ሰኞ ገበያ ወሰድኳት። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ባቲ። እኔ መሄዱን አልፈለግሁም፤ ጎህ ሳይቀድ ለብሼ በር ላይ የጠበቅኋት መኪና እንዳያመልጣት ብዬ ነው። ባቲ ላይ ድሪውን፣ አልቦውን፣ አምባሩን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ጠገራ ብር አወጣና «አባቴ፣ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ይኸው 1780 ይላል» አለኝ። ለእኔ! «ልጄ» አልኩት፣ «ጠገራ ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ብሩ ላይ የተቀረጹት ማርያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት እንደተጻፈ ቀርቶ ቅርጹ ሳይነካ ስንት ትውልድ ሲመታበት ኖረ። ጣሊያን እንኳ በፈረንጆቹ 1935 ሮም ላይ ይህንኑ 1780 ብሎ መትቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ለሚገባው ጦሩ።» የልጅ ልጄ አፏን ከፍታ ሰማችኝ፤ ከዚያ ስልኳን አይታ «እውነቱን ነው» አለች። እኔን ለማመን ስልኩ ፈቀደላት ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ብሩን ሲቀበሉ የሴትዮዋን ጌጥ ፈርጥ በጣት እየዳሰሱ ይቆጥሩ እንደነበር፣ የሴቶቻችን የአንገት መስቀልም ጠገራ እየቀለጠ እንደተሠራ ጨመርኩላት። ሃያ ስምንት ግራም ነው አንዱ። ጠገራ በ1937 በወረቀት ብር ተተክቶ እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ቢሆንም ዋጋውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ በሬ ይገዛ ነበር፣ መልስም ነበረው። ለጎረምሳው ስሙኒ ሰጠሁት። ሳቀ። ስሙኒን የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ አንቲክ የሚሸጥላችሁ።

ስንመለስ እስጢፋኖስ ገዳም በር ድረስ አደረስኳት። ሴት አይገባምና እሷ ውጪ ቀረች፤ እኔ ተሳልሜ ወጣሁ። «ምን አየህ?» ብትለኝ «ብዙ» አልኳት። ግን አንድ ነገር ነገርኳት። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ገዳም አቅንተው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ በዚያ ብራና ላይ የገዳሙ መጻሕፍትና ንብረት ተዘርዝሮ ተጽፏል። ከ700 ዓመት በላይ ሆነው! መነኮሳቱ ያላቸውን ዕቃ አንድ በአንድ መዝግበው ለልጅ ልጅ አስተላለፉ፤ የእኔ ምራት ደግሞ የቡናውን ረከቦት የት እንዳስቀመጠችው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየተፈለገ ነው። መነጽሬም የጠፋው በዚሁ ዝርክርክነት ነው። ግንባሬ ላይ መሆኑን ቀድማ አይታ ዝም አለችኝ።

የመነኮሳቱን ነገር ስነግራት የልጅ ልጄ «አባባ፣ ያ ባናስ የት አለ? የቅድመ አያቴ መሶብስ?» አለችኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ሆዴ የሚቃጠለው። ልዋጭ የሚሏቸውን ታውቃላችሁ፤ ሳፋና ባልዲ ተሸክመው በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩትን። አንዱ በክረምት መጣና ባናውንም መሶቡንም ይዞብኝ ሄደ። በምትኩ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ሰጠኝ። አጭበርባሪ ነው! ትልቁን ሳፋ እንዲሰጠኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክሬው በመጨረሻ እጁን ጠምዝዤ ነው ያስለቀቅሁት፤ እንደዚያም ሆኖ አታለለኝ። ባለቤቴም ቆማ እያየች አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከተናገረችም «ተው» ብቻ ነው ያለችው። ፕላስቲክ አገሩን አጠፋው። ሳፋው ራሱ ግን ጠንካራ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አልተሰነጠቀም፤ ማታ ማታ እግሬን በሞቀ ውሃ የምነክረው በእሱ ነው፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

አሁን የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ፎቶ ላከችልኝ። ካፌ ነው፣ ግድግዳው ላይ መሶብ ተሰቅሏል። የእናቴ ነው። ስፌቱን አውቀዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ እኔ በልጅነቴ ፍም የጣልኩበት ጥቁር ነቁጥ መኖር አለበት። ፎቶው ላይ አይታይም፤ ስልኩ ሆን ብሎ ነው የደበቀው። እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ቡና ልትጠጡ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሶብ ሁሉ ክዳኑን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩልኝ። ነቁጡን ካገኛችሁ፣ ባለቤቱ ሐይቅ በሕይወት አለ በሏቸው። ብር ከጠየቁ አልከፍልም። ልዋጭ ከተስማሙ ግን ሳፋው አለ፤ ብቻ ክረምቱ ይለፍና።