ሁለት ምላጭና የሲጋራ ወረቀት

አጎቴ ትተውልኝ ያለፉት ፒክአፕ ላንድሮቨር መተማ አካባቢ ኮኪት ውስጥ ከሰሊጥ መጋዘናችን ጀርባ ዓመታት ቆሟል። ገላው አልሙኒየም ስለሆነ ዝገት አልነካውም። እንግሊዞች ከጦርነቱ ማግስት ብረት ቢጠፋባቸው በ1948 እ.ኤ.አ. ላንድሮቨርን በአልሙኒየም ሠሩት፤ የተጠቀሙት ግን የኛ ዶሮዎች ናቸው።

መሪው በቀኝ ነው። የሱዳን መኪና ነዋ! እኛ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ስንዞር ሱዳን እስከ 1965 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመተማ ዮሐንስ ጋላባት የሚገባ ሹፌር ድንበሩን ሲሻገር የመንገዱንም ጎን መቀየር ነበረበት። ሲመሽ፣ ያውም ሞቅ ብሎት፣ እንዴት ያስታውሰው እንደነበር እንጃ።

ላስነሣው ብዬ መካኒካችንን ጠራሁ። “አያ” ነው የምንላቸው። ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ ዶሮዋን አስነሡ።

“አያ፣ መጽሐፍ ያስፈልገው ይሆን?”

“ላንተ ያስፈልግህ ይሆናል።”

እኔም እውነት መስሎኝ ፍለጋ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበትን ሁሉ፣ ቀጥሎም ሶማሌ ተራን ዞረልኝና ደወለ፤ “የላንድሮቨር የለም፣ የቶዮታ አለ። ይመሳሰላል ይላል ሰውየው።” ገዳሪፍ የሚመላለስ ወዳጄ በዐረብኛ የተጻፈ የቤድፎርድ መጽሐፍ ተሸክሞልኝ መጣ። ጎንደር ያለው ጓደኛዬ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ ላከልኝ። ስነዳ አይቶኝ መሆን አለበት።

በመጨረሻ እንግሊዝ አገር ያለችው እህቴ የሄይንስን የጥገና መጽሐፍ ላከችልኝ፤ ከ1958 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ላንድሮቨሮች የሚያስረዳውን። ኮኪት የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ጥላ ሥር ሆነህ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወር። እንደ ገለጥኩት የወጣው ገጽ የራዲያተር ውሃ በረዶ እንዳይሆን ስለሚደረግ ጥንቃቄ ያወራል። ለአያ ተረጎምኩላቸው። ራዲያተሩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፤ “ቀጥል” አሉ።

መቀጠሉ ነው የቸገረው። እኔ የማነበው እንግሊዝኛ፣ አያ የሚሠሩበት ጣሊያንኛ። እኔ ክላች ስል እሳቸው ፍሪሲዮን፣ እኔ ቤሪንግ ስል እሳቸው ኩሽኔታ። ካቻቢቴ ላይ ብቻ ያለ ክርክር ተስማማን፤ እጃቸው ላይ ስለነበረች። አምስት ዓመት የከረመ ጣሊያን ይህን ሁሉ ቃል ጥሎልን ሲሄድ የመኪናው ብሎን ግን በኢንች ነው። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች፦ 14 ቁልፍ አይገባለትም፣ 15 ይሾልክበታል። አያ የ14ቱን አፍ በሞረድ ጥቂት ከፈት አደረጉትና ገላገሉን።

ቫልቭ ላይ ስንደርስ ደረቴን ነፋሁ። “ክፍተቱ 0.25 ሚሊሜትር ይላል። መለኪያ አለዎት?” አያ ከኪሳቸው ሁለት የጢም ምላጭ አወጡ። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት ቀደው መሃል ላይ አስገቡና አጣብቀው ሰኩት። አንዱ ምላጭ 0.1 ሚሊሜትር ነው። በልቤ ደመርኩት፤ ድምፄን ግን አላሰማሁም። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበትን ተራ ላነብላቸው ስል ደግሞ “አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት” ብለው ቀደሙኝ።

ከዚያ ከመኪናው ሥር ገባን። መጽሐፉ የባሌስትራውን ቡሽ በሥዕል በትኖ ያሳያል፤ የኛ ግን ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም። ጥቁር፣ ድርብርብ፣ ዳሯ በቢላ የተከረከመች ነገር ናት። ገጹን ወደፊትም ወደኋላም ገለጥኩ።

“አያ፣ ይቺ እዚህ የለችም።”

“እንዴት ትኖራለች? የኔ ናት። አጎትህ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ቡሹ ቢያልቅባቸው ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ የሠራሁላቸው።” መጽሐፉን ተቀበሉኝና እስክሪብቶ ጠየቁ። ዘይት በነካው ጣታቸው ህዳጉ ላይ ቀስ ብለው ሳሏት፤ ከነቢላው ምልክት።

“በል ስሟን ጻፍላት።”

“በእንግሊዝኛ ምን ልበላት?”

“ጎማ በላት። ጣሊያንኛ ነው፤ ፈረንጅ ሁሉ ያውቀዋል።”