«ችግር የለም» አትበሉን

የዕረፍት ጊዜ ሲቃረብ ሌላው ቤተሰብ ሻንጣ ያዘጋጃል። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ያሉን ወላጆች ግን መደወል እንጀምራለን። መኪናው የት የት ይቆማል? መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ አለው? ጥላ አለ? ድምፅ ማጉያ ይከፈታል? የምናገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ችግር የለም፣ ይምጡ።» እኔን ያንገፈገፈኝ ይህ መልስ ነው። ቀብሪበያም ሆነ ጅጅጋ የማውቃቸው እናቶች ስናወራ ከጉዞው ድካም በፊት የሚያነሱት ይህንኑ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ከምንም ነገር አብልጦ የሚወደው ውሃ ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ሲያይ ይረጋጋል፤ ጆሮውን መድፈኑን ይተዋል፤ ከእኔ ጋር የሚያደርገው ግብግብም ይቀራል። የምንኖረው ግን ቀብሪበያ፣ የቦቴ ውሃ በሚጠበቅበት፣ የቢርካ (የዝናብ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ውሃ በጀሪካን እየተቆጠረ በሚቀዳበት ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣውን ውሃ የከተማው ሰውና በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የስደተኞች መጠለያ ይጋሩታል። ለመጠጥ የሚሳሳለትን ውሃ ልጅ እንዲጫወትበት ማፍሰስ ጎረቤትን ማሳዘን ነው። ስለዚህ ወደ ውሃው እኛው መሄድ አለብን። ሽርሽር ስንል ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁልን ደስ ይለኛል።

ቅርቡ ባሕር በርበራ ነው። በጅጅጋ አድርጎ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበር ተሻግሮ፣ ሀርጌሳን አልፎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ለነጋዴ ይህ ርቀት አይደለም። ለእኛ ግን ዕቅዱ ገና ከወቅቱ ላይ ይሰናከላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ነው፤ በርበራ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አቅም ያለው የከተማው ሰው ራሱ ወደ ሼክ ተራራና ወደ ሀርጌሳ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ላብና የሸሚዝ ስፌት የሚያስለቅሱትን ልጅ በዚያ ንዳድ ዳርቻ ለዳርቻ ማስሄድ አይታሰብም። አየሩ የሚመቸው በጥርና በየካቲት ነው፤ ያኔ ያለችው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ግን አጭር ናት። የፓስፖርቱም ጉዳይ አለ። ዓይኑን ለእናቱ እንኳ በግድ የሚያሳይ ልጅ ለፎቶ ቀጥ ብሎ ካሜራ እንዲያይ ሲጠበቅ ስንት ለቅሶ እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዊልቸር የምትሄድ ልጅ ያለቻት ጎረቤቴ ደግሞ የምትፈራው አሸዋውን ነው። ቀጭን ጎማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልጅን ማዘል ነው፤ ልጅ ደግሞ ያድጋል፣ የእናት ወገብም ይደክማል። በሌላው ዓለም ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ላይ ጎማ የሚሄድበት ምንጣፍ አሸዋው ላይ ይዘረጋል። ግሪክ ውስጥ ሲትራክ የሚባል በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወንበር አለ፤ ሰውን በሐዲድ ላይ አድርጎ ከዳርቻው እስከ ውሃው ያደርሰዋል። ባሕሩ ቀርቶብን የሀገራችንን ሐይቅ እንይ ስንል ሐዋሳ ትመጣለች። የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግር የሚኬድበት ነው፤ ከቀብሪበያ ተነስቶ ለመድረስ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በየመንገዱ ማደሪያ መጠየቅ አለ፤ መልሱም ያው «ችግር የለም» ነው።

መንገዱ ራሱ አድካሚ ነው። ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ መጠበቅ አለ። ረዳቱ ይጮሃል፣ ጥሩምባው ይነፋል፣ ልጄ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ላለመጠበቅ ኮንትራት እንያዝ ስንል ዋጋው የወር ወጪያችንን ያናጋል። ኬላ ስንደርስ «ሁላችሁም ውረዱ» ይባላል። ፍተሻው የሁላችንም ደኅንነት ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን አንዴ የተቀመጠበትን ቦታ ያስለቀቁት ልጅ ተመልሶ ለመግባት እምቢ ሲል መኪና ሙሉ ሰው እኛን ይጠብቃል፤ ማጉረምረሙም የሚወርደው በእናትየው ላይ ነው። ለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓይን የማይታይ ጉዳት ላለባቸው መንገደኞች የሱፍ አበባ ያለበት የአንገት ማንጠልጠያ ይሰጣል። ያንን ያየ ሠራተኛ ይታገሳል፤ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። እኔ በየኬላውና በየመናኸሪያው የልጄን ታሪክ ሰው መሐል እየደጋገምኩ መናገር ደክሞኛል፤ እሱም እየሰማኝ ነው።

ሰው ደግሞ አለ። «ጸበል ውሰጂው» ትለኛለች አንዷ። «ቁርአን ይቀራበት» ይሉኛል ሌላው አባት። «ሆዮ፣ ይህን ልጅ ጂን ነክቶታል» ያሉኝ አሮጊትም አሉ። ክፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነው ነው። «ለምን አትቆነጥጪውም?» የሚለው ግን ያመኛል፤ ልጄ ባለጌ አይደለም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ስለ ልጃቸውም በአደባባይ ሲናገሩ፣ በየጓዳው የተደበቁ ልጆች መውጣት ጀመሩ። ያ ሥራ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። እኛም ልጆቻችንን ይዘን መውጣት ያለብን ለዚህ ነው፤ ልጁን ያላየ ጎረቤት መልመድ አይችልም።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታ፣ በመዝናናትና በስፖርት እንዲሳተፉ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚም፣ እየተራመደ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውም መግቢያ እንዲኖረው አዟል። እንግዳ ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ የሚጠብቀን ግን አምስት ደረጃና ጠባብ መጸዳጃ ቤት ነው። አዋጁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲለውጥ አልጠብቅም፤ ሕንፃ ማፍረስ ገንዘብ ይፈልጋል። እስከዚያ ግን ማወቅ እንፈልጋለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኛ ሁሉን ነገር አስቀድመን እንድንጠረጥር የተገደድን ሰዎች ነን፤ የምንጠረጥረውን የሚያረጋግጥልን ግን አጣን።

ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች፣ እባካችሁ ስንደውል «ችግር የለም» አትበሉን። ደረጃ ካለ ስንት እንደሆነ ንገሩን፤ ልጁን የሚያዝል ሰው ይዘን እንመጣለን። መጸዳጃው ውጭ ከሆነ ንገሩን፤ እንዘጋጃለን። ማታ ሙዚቃ ካለ ንገሩን፤ ቀኑን እንለውጣለን። ኬላ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ እናትና ልጅ በመጨረሻ ይውረዱ፤ ወይም ልጁ በተቀመጠበት ይፈተሽ። ትምህርት ቤቶችም ለእንዲህ ያለ ልጅ በጥር ጥቂት ቀን ጨምራችሁ ፍቀዱ። መጥፎ ዜና አያስቀይመንም፤ የሚያስቀይመን ልጅ ታቅፈን በር ላይ ቆመን እውነቱን ስናየው ነው። ይህን ለመንገር በጀት አያስፈልግም፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ወጣ ብሎ ደረጃውን ቢቆጥር ይበቃል።